ከእምድብር ርቆ ለሚማር፦ እንቅልፍን ማስተካከል፣ ከሰው መቀላቀል

ምደባ ወጥቶ «የት ደረሰህ?» ሲባል ሰመራ፣ ጅግጅጋ፣ ጋምቤላ ወይም ወልድያ ብሎ የሚመልስ የእምድብር ልጅ አይጠፋም። ቤተሰብ ሻንጣ ይገዛል፤ እናት በሶና ቆሎ ታዘጋጃለች፤ አባት የመሳፈሪያና የኪስ ገንዘብ ይፈላልጋል። ስለ ትምህርቱ ይመከራል፤ ስለ ጓደኛ አያያዝም ይመከራል። ስለ እንቅልፍ ግን የሚያነሳ የለም። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከሚያበላሹ ነገሮች መካከል እኔ ከፊት የማስቀምጠው እሱን ነው።

ይህ መመሪያ ከቸሃ፣ ከእዣ፣ ከጉመር ወይም ከእኖር ተነስታችሁ የእናንተን ቋንቋ የሚናገር አንድም ሰው ወደሌለበት ዶርም ለምትገቡ የተጻፈ ነው። በግቢው ውስጥ በቁጥር ያነሰ ማንኛውም ተማሪ ይጠቀምበታል። መጨረሻ ላይ ለወላጆች፣ ከዚያም ጉብሬ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለአገር ሆናችሁ ለምትማሩ ልጆች የምለው አለኝ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ሰብለወንጌል ለማና ባልደረቦቿ በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ላይ አድርገው በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ከተጠየቁት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንቅልፋቸው ጥራት የሌለው ሆኖ ተገኘ። የድብርትና የጭንቀት ምልክት የበዛባቸው ተማሪዎች እንቅልፋቸውም ይብስ ነበር። ስለዚህ ዶርም ገብታችሁ እንቅልፍ ቢያስቸግራችሁ የእናንተ ድክመት አይደለም፤ ከአጠገባችሁ ከተኙት ብዙዎቹም እንደ እናንተው እየተገላበጡ ነው።

ለእናንተ የሚብስበት ምክንያት ግን አለ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከሰው ይርቃል። ኤቲ ቤን ሳይመንና ማቲው ዎከር በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጤነኛ ወጣቶችን አንድ ጊዜ በደንብ አስተኝተው፣ ሌላ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ አንቅተው አነጻጸሯቸው። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሰው ወደ እነሱ ሲራመድ «እዚያው ይብቃህ» የሚሉበት ርቀት ሳይተኙ ባደሩ ማግስት ሰፋ። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ግኝት ነው። ማን እንደተኛ፣ ማን እንዳልተኛ የማያውቁ ሰዎች የእነዚህን ወጣቶች ቪዲዮ ሲያዩ ያልተኙትን ለይተው ብቸኛ ይመስላሉ አሉ፤ አብረዋቸው ለመሥራት ያላቸው ፍላጎትም ቀነሰ። ያልተኛ ተማሪ ሰውን ይሸሻል፤ ሰውም እሱን ይሸሸዋል።

ነገሩ ተገልብጦም ይሠራል። ጆን ካቺዮፖና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ብቸኝነት የሚሰማቸው የኮሌጅ ተማሪዎች እንደሌላው ሰው ሰዓታቸውን ጠብቀው ቢተኙም ሌሊት መንቃታቸው በዝቶ ተገኘ። ሰውነት «አጠገቤ የራሴ ሰው የለም» ብሎ ሲያምን እንደ ዘበኛ በአንድ ዓይኑ ያድራል። በኒው ዮርክ የፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ቲፋኒ ዪፕ ደግሞ የአናሳ ማኅበረሰብ ታዳጊዎችን ቀን በቀን ተከታትላ፣ በዘራቸው ምክንያት ንቀት የደረሰባቸው ቀን ሌሊቱም እንደሚረበሽ አሳይታለች።

እንግዲህ አዙሪቱ ይህ ነው፦ ባይተዋርነቱ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ የበለጠ ባይተዋር ያደርጋል። እኔ የምመክረው ከእንቅልፍ በኩል እንድትጀምሩ ነው። የዶርማችሁ ልጆች ሁሉ በአንድ ሳምንት እንዲወዷችሁ ማድረግ አትችሉም፤ የምትነሱበትን ሰዓት ግን መወሰን ትችላላችሁ። ደግሞም ዶርም ውስጥ እንቅልፍ የግል ጉዳይ አይደለም። ለመተኛት ከሌላው ጋር መነጋገር ግድ ይላል፤ ያ ንግግር ራሱ የመቀላቀያው በር ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

እምድብር ከፍ ያለ አገር ነው፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ከደረሳችሁ ሌሊቱም ይሞቃል። ሰውነት እንቅልፍ የሚወስደው ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ ሲል ስለሆነ፣ ከቀዝቃዛ አገር የሄደ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቢገላበጥ አይገርምም። ወፍራሙን ብርድ ልብስ ለደብረ ብርሃን ለተመደበው ተዉለትና እናንተ ቀለል ያለ አንሶላ ደርቡ። አጎበር ያዙ። ማታ ፊትንና እግርን በውኃ መታጠብ ይረዳል።

ሻንጣው ውስጥ ሌላም ይግባ፦ ዓይን የሚሸፍን ጥቁር ሻሽ ወይም ፎጣ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ በአልጋው ጎን እንደ መጋረጃ የሚሰቀል ነጠላ ወይም አሮጌ አንሶላ፣ ገመድ። የመብራት ጉዳይ በሰው ፈቃድ ብቻ እንዳይወሰን ይህ ይጠቅማል።

ከቻላችሁ የመግቢያው ቀን በማለዳ ድረሱ። ቀድሞ የደረሰ አልጋ ይመርጣል። ከበሩና ከመብራቱ ራቅ ያለውን፣ ከተደራራቢው የታችኛውን ያዙ፤ መጋረጃ የሚሰቀለው እሱ ላይ ነው። አንሶላ ከማንጠፋችሁ በፊት የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን ማዕዘን በስልክ መብራት ፈትሹ። ትኋን ካለ ለፕሮክተሩ (ለዶርሙ ተቆጣጣሪ) የዚያኑ ቀን ተናገሩ። ብዙ ልጅ ያፍራል፤ ካፈረ ሴሚስተሩን ሙሉ ሲያክ ያድራል።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ዶርሙን ማነጋገር

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው። በሁለተኛው ወር ሁሉም የየራሱን ልማድ ይዞ ይደነድናል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሁሉም እንግዳ ነው። ያኔ የተነጋገረ ዶርም ይሰነብታል።

በቁጥር ያነሰ ሰው መናገር ይፈራል። «እነሱ ብዙ ናቸው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፤ መብራት አጥፉ ብል ምን ይሉኛል?» ይላል። ዝም ይልና ቂም ይይዛል። እናንተ በጥያቄ ጀምሩ። ከእራት በኋላ ሁሉም ሲሰበሰብ ከቤት የመጣውን በሶ በጥብጡ፣ ቆሎውን መሃል ላይ አድርጉ። ስንቅን ሎከር ውስጥ ቆልፎ በድብቅ የሚበላ ልጅ ምንም ቢናገር ሰሚ አያገኝም። ከዚያ ጠይቁ፦ ሌሊት ማን ያጠናል? ለፈጅር የሚነሳ አለ? ኪዳን የሚሄድ አለ? የጠዋት ክላስ ያለው ማን ነው? ሁሉም ከተናገረ በኋላ የራሳችሁን ጨምሩ።

አነጋገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እኔ ጠዋት 2 ሰዓት ክላስ አለኝ፣ እሱ ደግሞ ማታ ነው የሚያጠናው። ከ5 ሰዓት በኋላ ዋናውን መብራት ብናጠፋና የሚያጠናው በትንሽ መብራት ወይም ላይብረሪ ሄዶ ቢያጠና ምን ይመስላችኋል? እኔም ጠዋት ስነሳ ኮሪደር ወጥቼ ነው የምለብሰው፤ አልረብሻችሁም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። ከእናንተ የሚቀነስ ነገር ካላቀረባችሁ ልመና ይሆናል፤ ካቀረባችሁ ግን ስምምነት ነው።

የተስማማችሁበትን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከበሩ ጀርባ ለጥፉት። ሦስት ነገር ይበቃል፦ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፤ ከዚያ በኋላ ስልክ በኢርፎን ብቻ መሆኑ፤ አላርም የሞላ ሰው በመጀመሪያው ጩኸት ተነስቶ እንዲያጠፋው። ሦስተኛው ቀላል ይመስላል እንጂ አላርሙን አሥር ጊዜ እያስጮኸ የሚተኛ ልጅ ያለበት ዶርም ውስጥ ጠብ አይጠፋም። የማይስማማ ካለ ሁለት ጊዜ ለብቻው አነጋግሩት፤ አልሆን ካለ ወደ ፕሮክተር ሂዱ። ፕሮክተሩን መጀመሪያ ላይ ይዞ መምጣት ግን ያጣላል።

የቋንቋ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ዶርም ሜቶቻችሁ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በትግርኛ እየተጨዋወቱ ሲስቁ፣ እናንተ ደግሞ ተኝታችሁ ጣሪያ ስታዩ፣ የሚሳቀው በእናንተ ይመስላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። እናንተም የአገር ልጅ ስታገኙ ወዲያው በጉራጌኛ ትገባላችሁ። የሚሻለው ጥቂት ቃል መያዝ ነው። ጅማ ወይም ሐረማያ ከሆናችሁ ጠዋት «አካም ጂርታ»፣ ማታ መብራት ሲጠፋ «ነጋን ቡላ» በሉ። ይህን የሰማ ልጅ ስቆ ያርማችኋል፤ በማግስቱ ሌላ ቃል ይጨምርላችኋል። እንቅልፍ የሚወስዳችሁ ምንም ያላላችሁበት ሌሊት ሳይሆን ደህና እደሩ ብላችሁ ምላሽ ያገኛችሁበት ሌሊት ነው።

የምትነሱበትን ሰዓት ያዙ

ከ18 እስከ 25 ዓመት ላለ ወጣት የሚመከረው ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ነው፤ 18 ያልሞላችሁ ከ8 እስከ 10 ያስፈልጋችኋል። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች የሚተኙበትን ሰዓት ለማስተካከል ይታገላሉ። እንቅልፍ ግን ትእዛዝ አይሰማም። በእጃችሁ ያለው መነሻው ነው። ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ በአንድ ሰዓት ተነሱ፤ ሌሊቱ እያደር በራሱ ይስተካከላል።

መነሻችሁን ከግቢው ካፌ ቁርስ ጋር እሰሩት። ካፌው ሰዓቱ ሲያልፍ ይዘጋል፤ ስለዚህ ጥሩ አስገዳጅ ነው። ወደ ካፌ ስትሄዱ የጠዋት ፀሐይ ዓይናችሁን ያገኘዋል፤ የሰውነትን ሰዓት የሚያስተካክለው ደግሞ ከሁሉም በላይ የጠዋት ብርሃን ነው። ሰልፍ ላይ ሰው ታገኛላችሁ፤ ሰላም ትባባላላችሁ። ቁርስ ትቶ እስከ 5 ሰዓት የሚተኛ ፍሬሽ ግን እንቅልፉንም፣ ምግቡንም፣ ሰውንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ገንዘብ ኖሯችሁ ነን ካፌ (ከግቢው ካፌ ውጭ ተመጋቢ) ብትሆኑም በዚያ ሰዓት ከአንድ ሰው ጋር ሻይ ጠጡ።

ቀን ላይ ከከበዳችሁ ከ9 ሰዓት በፊት 20 ወይም 30 ደቂቃ ተኙ። ከዚያ ያለፈ ከሌሊቱ የተበደረ ነው።

ዶርም ውስጥ አልጋው ሶፋም፣ ጠረጴዛም፣ ምግብ ቤትም ነው። ሰውነት አልጋን ከእንቅልፍ ጋር እንዲያያይዘው ቢቻል ላይብረሪ አጥኑ። ካልተቻለ ቀን ስታጠኑ በግርጌው በኩል ተቀመጡ፣ ማታ በራስጌው ተኙ። ተኝታችሁ ከ20 ደቂቃ በላይ ካፈጠጣችሁ ተነሱ፤ ኮሪደር ላይ ወይም አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላችሁ እንቅልፍ እስኪመጣ ድረስ ቀለል ያለ ነገር አንብቡ። ስልክ አትክፈቱ።

ቡና፣ ጫት፣ የሌሊት ጥቅል

ቡና ማንም አይከለክላችሁም፤ ሰዓቱን ግን ጠብቁ። በ10 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ውስጥ ካለው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ደማችሁ ውስጥ ነው። ከ8 ሰዓት በኋላ ባትጠጡ ይሻላል።

ስለ ጫት በግልጽ ልናገር፤ አገራችን የሚያበቅለው ነውና እንደ እንግዳ አንነጋገርበትም። ፈተና ሲደርስ «ለማንበብ» ተብሎ ይቀመጣል። መቃሙ ደግሞ ሰው የሚያገናኝ፣ ለብቸኛ ልጅ ቶሎ ጓደኛ የሚሰጥ ይመስላል። ካቲኖን የተባለው ቅመሙ አንጎልን ያነቃል፤ ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ያልፋል፤ ማግስቱን ድብርትና ዱካክ ይከተላሉ። ብቸኝነት ያለበት ልጅ ያን ድብርት የሚተረጉመው «ሰው አይወደኝም» ብሎ ነው። ጓደኛ ከፈለጋችሁ የኳስ ሜዳውን፣ የጥናት ቡድኑን፣ ግቢ ጉባኤውን፣ ጀመዓውን ወይም ፌሎሺፑን ሞክሩ። እዚያ የተገናኘ ሰው ሌሊት ያስተኛል። ማንበብም ቢሆን የተነበበው በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ለሚድ ፈተና ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ልጅ ያነበበውን እየበተነ ነው።

ስልክ ሦስተኛው ነው። የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ተማሪው ዳውንሎዱንም ቲክቶኩንም ወደ ሌሊት ያዞራል። ብርሃኑ አንድ ጉዳት ነው፤ የሚነበበው ነገር ግን የባሰ ነው። በቁጥር አናሳ የሆነ ልጅ በ7 ሰዓት ሌሊት የብሔር ስድብ የሚጎርፍበትን የፌስቡክ አስተያየት እያነበበ፣ ያን የጻፈው ሰው ከላይ አልጋ የተኛው ልጅ እየመሰለው ያድራል። ጥቅሉ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ፋይሉ ሲወርድ ስልኩን ከአልጋው ራቅ አድርጋችሁ ቻርጅ ላይ ተዉት።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚመጣ ሐሳብ

በዚያ ሰዓት የነቃ ሰው ሐሳቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። «እዚህ ምን አመጣኝ?» «እነሱ የራሳቸው አላቸው፤ እኔ ማን አለኝ?» «ጠዋት ተነስቼ ወደ ቤት ብሄድስ?» ቀን ላይ የተሰማ ቀልድም ያኔ ይመለሳል። የአነጋገር ቅላፄ ተይዞ የተሳቀበት፣ «ጉራጌ እኮ ብር ይወዳል» የተባለበት፣ ካፌ ውስጥ «አንተ ክፈል» የተባለበት። ቀን የተሰማው ቀልድ ነበር፤ ሌሊት ግን ፍርድ ይሆናል።

ለዚህም የሚታወቅ ምክንያት አለው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ደስ የማይል ሥዕል ሲያዩ አሚግዳላ የተባለው ስሜት የሚነካው የአንጎል ክፍል ከተኙት ሰዎች በ60 በመቶ ያህል አብዝቶ እንደሚቆጣ አሳይቷል። ሌሊት የምትደርሱበት ውሳኔ በዚህ የተቆጣ አንጎል የተወሰነ ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ ያዙ፦ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለ ሰውና ስለ ራሳችሁ ምንም አትወስኑ። ትራስ አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ አድርጉ፤ ሐሳቡን በአንድ መስመር ጽፋችሁ ዝጉት። ከቁርስ በኋላ አንብቡት። እውነት ሆኖ ከቀረ ቀን ላይ መላ ይፈለግለታል፤ ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ለመሙላትም ሆነ ሰውን ለማኩረፍ ቀኑ በቂ ነው።

ቀልዱ ከበዛ ደግሞ በማግስቱ ለብቻው ይዛችሁ ንገሩት፦ «ስማ ወንድሜ፣ ትናንት ያልከው ነገር ከበደኝ። በሌላ ነገር ቢሆን አብሬ እስቅ ነበር፤ በብሔሬ ሲሆን ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።» አብዛኛው ልጅ ይደነግጣል፣ ይቅርታ ይላል። በሰው ፊት ከተናገራችሁት ግን ለክብሩ ሲል ይከራከራችኋል።

ከእናንተ በፊት ይህን ያለፉ ሰዎች እንዳሉ ማወቅ ብቻውን መድኃኒት ነው። ግሬጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን በአሜሪካ ለመጀመሪያ ዓመት ጥቁር ተማሪዎች አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ነገር አደረጉ፦ ከእነሱ የቀደሙ ተማሪዎች «መጀመሪያ እኔም እዚህ ቦታ የለኝም ብዬ ነበር፤ እየቆየ አለፈ» ያሉትን አስነበቧቸው፣ የራሳቸውንም አጻፏቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ውጤት በሦስት ዓመት ውስጥ የእነዚህ ተማሪዎች ውጤት ከፍ ብሎ ከነጮቹ ጋር የነበረው ልዩነት በግማሽ ቀነሰ፤ ጤንነታቸውም ተሻለ። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ከጉራጌ አካባቢ የመጣ ሦስተኛ ዓመት ወይም ጂሲ (ተመራቂ) ተማሪ ፈልጋችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «አንተ መቼ ነው የለመድከው?» ስለ ኮርስ፣ ስለ ዲፓርትመንት ሁሉም ይጠይቃል፤ ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ይኸው ሥራ በ22 ተቋማት በ26,911 ተማሪዎች ላይ ተሞክሮ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ የጠቀመው ለዚያ ተማሪ ወገን የመቀላቀያ ዕድል ባለበት ተቋም ውስጥ እንደሆነ ታየ። ግቢው በሩን ከዘጋ የልጁ ብርታት ብቻውን አያደርሰውም። ችግሩ የግቢው ሲሆን ራሳችሁን አትውቀሱ።

መስቀል ግቢ ውስጥ ሲያገኛችሁ

ለጉራጌ ልጅ መስከረም 17ን ዶርም ውስጥ እንደማሳለፍ የሚከብድ ነገር የለም። አገር ሁሉ ከአዲስ አበባም ከየከተማውም ወደ ቤቱ ይገባል፤ የመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ ጀፎረው፣ በሰው ይሞላል፤ ክትፎውና ቆጮው ይቀርባል። እናንተ ግን ግቢ ውስጥ ናችሁ። ለሙስሊም ጉራጌ ልጅ አረፋም እንደዚሁ ነው። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ መበላሸቱ አይቀርምና ቀድማችሁ ተዘጋጁ።

ዋዜማውን ባዶ አትተዉት። የአገር ልጆችን ካሁኑ አስተባብሩ፤ ገንዘብ አዋጡ። ከዶርማችሁ ቢያንስ አንድ የሌላ አካባቢ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ራሳችሁ ብቻ ተሰብስባችሁ ስታለቅሱ ማምሸት ማግስቱን ያከብደዋል። ወደ ቤት የምትደውሉት ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ሁሉም ተሰብስቦ የሚጮህበትን ቪዲዮ እኩለ ሌሊት ላይ ማየት እስኪነጋ ያነቃል። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ እንዳይቀር።

ፍርሃቱ እውነተኛ ሲሆን

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ሰላም ላለበት ግቢ ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ተገድለዋል፤ ግጭቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቶ ብዙ ልጆች ግቢ ለቀው ወጥተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ እንቅልፍ የነሳው ሰው በሽታ የለበትም፤ ሰውነቱ ሥራውን እየሠራ ነው። ያኔ መተንፈስ ተለማመድ፣ ቡና ቀንስ አይባልም። ብቻችሁን አትደሩ። ዶርም መቀየር ካስፈለገ ለተማሪዎች ዲን በጽሑፍ አመልክቱ፤ የማመልከቻውን ፎቶ ያዙ። ዛቻ ከደረሳችሁ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግባችሁ ለግቢው ጥበቃና ለተማሪዎች ኅብረት አሳውቁ። የቤተሰብ፣ የታማኝ የአካባቢው ነዋሪና የሃይማኖት አባት ስልክ በወረቀትም ተጽፎ ይኑራችሁ። አደጋው ሲያልፍ እንቅልፉ ወዲያው ላይመለስ ይችላል፤ ሳምንታት ይወስዳል።

መዝግቡ፣ ካልሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ

ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የተኛችሁበትን ሰዓት፣ ሌሊት የነቃችሁትን ብዛት፣ የነቃችሁበትን ሰዓት። ማታ ደግሞ ከ10 ቀኑን ስንት እንደምትሰጡትና ከማን ጋር እንደተጫወታችሁ ጨምሩ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጎን ለጎን ስታዩት የትኛው ሌሊት የትኛውን ቀን እንዳበላሸ፣ የትኛው ቀን ደግሞ ሌሊቱን እንዳረጋጋ በራሳችሁ እጅ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ሆኖ ወራት ከቆየ፣ ወይም ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስታ ጠፍቶ ምግብም ክላስም ካስጠላችሁ፣ ወደ ግቢው ክሊኒክና ወደ ሥነ ልቦና አማካሪው ሂዱ። መዝገባችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ሥራ ያቀላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት አንድ ሰው ቀስቅሳችሁ ንገሩ። ከጓደኛ የተገኘ ዲያዚፓም ወይም ሌላ የእንቅልፍ ኪኒን አትዋጡ፤ ሱስ ያስይዛል፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ለወላጆች

ለልጃችሁ በቀን ደውሉ፤ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ መጥፎ ወሬ አትንገሩት። የቤት ጭቅጭቅ፣ የታመመ ዘመድ፣ የጠፋ ገንዘብ ቢያንስ እስኪነጋ ይቆያል። «ውጤት ስንት መጣ?» ከማለት በፊት «ስንት ሰዓት ተኛህ? ከማን ጋር ቁርስ በላህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የዶርም ጓደኞቹን በስማቸው እወቋቸው፤ ስልክ ላይ ሰላም በሏቸው። ስንቅ ስትልኩ ለእሱ ብቻ በሚበቃ አትስፈሩት። ስትደውሉ እያለቀሰ «ልመለስ» ካለ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አይባልም፤ ስንት ሌሊት ሳይተኛ እንዳደረ ጠይቁት። ሴት ልጅ ከሆነች ሌሊት መጸዳጃ ቤት ስትሄድ አብራት የምትሄድ ሰው እንዳላት፣ በር መቆለፊያው እንደሚሠራ ጠይቋት፤ ብዙ ሴት ተማሪዎችን የሚያነቃው ይህ ነው።

ጉብሬ ለምትማሩ የአገር ልጆች

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከጀመረበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ከየክልሉ የመጣ ተማሪ ጉብሬ ያድራል። እናንተ ቅዳሜ ታክሲ ይዛችሁ እምድብር ቤታችሁ ትገባላችሁ፤ የጎዴው ወይም የአሶሳው ልጅ ግን እዚያው ይቀራል። ዶርም ውስጥ ሌላ ሰው ካለ በጉራጌኛ መሳቅ አታብዙ፤ ከሳቃችሁ በምን እንደሳቃችሁ ንገሩት። የመብራቱን ስምምነት እሱ እስኪያነሳ አትጠብቁ፤ ብዙዎቹ እናንተ ናችሁና እናንተ አንሱት። መስቀል ግቢ ውስጥ ካገኘው ይዛችሁት ወደ ቤት ሂዱ። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ የማን እርድ እንደሚበላ ቀድማችሁ ጠይቁና ለእናታችሁ ንገሯት፤ ሁለቱም በሚኖሩበት አገር ስላደገች መላውን እሷ ታውቀዋለች። ከመሸም አትመልሱት፤ መኝታ ይነጠፍለትና በማግስቱ ከቁርስ በኋላ አብራችሁ ተመለሱ።